የደቻቱ ዳር ከተማና ያልተሟላው የባቡር ውል

የደቻቱ ወንዝ ለሁለት የሚከፍላት ድሬዳዋ፣ በአንደኛው ዳር የባቡር ኩባንያው የቀየሰውን ከዚራን፣ በሌላው ዳር የነጋዴዎቹን መጋላን ይዛ ያደገችው ከአንድ የኮንሴሲዮን ውል የተነሣ ነው። ኮንሴሲዮን መንግሥት ለግል ኩባንያ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው የመሥራትና የመጠቀም መብት ሲሆን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ለ99 ዓመት በፈቀዱት መሠረት መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ካፋንና ነጭ ዓባይን እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ እጅግ ውድ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነና በ1902 መጨረሻ ደቻቱ ዳር ደረሰ።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የመረጃ አለመመጣጠን የሚሉት፣ ከተዋዋዮች አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ማየት የማይችልበት ሁኔታ፣ በዚህ ውል ውስጥ ገና ከጅምሩ ነበር። የወጪው ልክና የዕዳው ክብደት በኩባንያው መዝገብ እንጂ በቤተ መንግሥቱ አይታወቅም ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በየካቲት 1902 ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊደጉመው፣ በምላሹም በሥራው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ሊያገኝ ተዋዋለ፤ የመሬቱ ባለቤት ንጉሠ ነገሥት ግን አልተጠየቁም። ምኒልክ ድሬዳዋ በደረሰው መስመር ምረቃ አለመገኘታቸውና ግንባታው እንዲቀጥል አለመፍቀዳቸው ከቁጣ ብቻ የመነጨ ተደርጎ ቢነገርም፣ ብልህ የውል እርምጃም ነበር።

በ2016 ከቤንግት ሆልምስትሮም ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኦሊቨር ሃርት ያልተሟላ ውል የሚለው ይህን ያብራራል፦ ወደፊት የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ስለማይቻል፣ ውሉ ዝም ባለበት ጉዳይ የሚወስነው ማን እንደሆነ ከተጻፉት አንቀጾች ያልተናነሰ ክብደት አለው። 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሐዲድ ተነቅሎ ሌላ አገር ሊሸጥ ስለማይችል፣ ያለ ፈቃድ ዋጋው ይወርዳል፤ መዝገቡን ማየት ያልቻሉት ንጉሥ የቀጣዩን ምዕራፍ ፈቃድ በእጃቸው አቆዩ። ኩባንያው ከሰረና በ1908 አዲስ ኮንሴሲዮን ለአዲስ ኩባንያ ተሰጠ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር።

በዚያ የመጠበቅ ዘመን ድሬዳዋ የመስመሩ ማብቂያ ሆነች። ቡናና ቆዳ በግመልና በበቅሎ ካራቫን እየመጣ እዚያ ወደ ባቡር ይጫን፣ ከባሕር የመጣው ጨርቅም እዚያ ይራገፍ ስለነበር የሶማሌ፣ የኦሮሞ፣ የሐረሪ፣ የዐረብ፣ የህንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ሰፈሩባት። ኩባንያውም የባቡር ጥገና ወርክሾፑን በከዚራ አቋቁሞ ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤቶችን ሠራ፤ መስመሩ ወደ መሐል አገር ካለፈ በኋላም ወርክሾፑ እዚያው ቀረ።