የሴንትኦኤስ ታሪክና ለሰርቨር ጠባቂዎች የሚሰጠው ትምህርት



ባንክ የገንዘብ መዝገቡን፣ ሆስፒታልም የሕሙማኑን ታሪክ የሚያኖረው ሰርቨር በተባለው፣ ሌት ተቀን በማይጠፋው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ከእነዚህም ሰርቨሮች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። የሊኑክስን ፍሬ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ለዓለም ያቀረበው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ነገር ግን ፍሬው ብቻውን ለሥራ አይበቃም፤ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ከእርሱ ጋር አሰናድቶ የሚያቀርብ፣ ጉድለት ሲገኝም የሚያርም ወገን ያስፈልገዋል። እንዲህ የተሰናዳው ጥቅል ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። እንግዲህ ዲስትሪቢዩሽን መምረጥ ማለት አራሚውን መምረጥ ነው፤ ይህንንም የሴንትኦኤስ ታሪክ ያስረዳናል።

ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀድሞ በነጻ ይገኝ የነበረውን ሬድ ሃት ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ2004 መጠገን አቁሞ፣ ዋጋ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ባዘጋጀው ሥርዓት ላይ አተኮረ። ይሁን እንጂ የዚህ ሥርዓት ምንጭ ጽሑፍ ክፍት ስለ ነበረ፣ በጎ ፈቃደኞች ከዚያው አሰናድተው በዚያው ዓመት ሴንትኦኤስን ያለ ዋጋ አቀረቡ። ብዙ ድርጅቶችም በእርሱ ላይ ሥራቸውን ገነቡ። በ2014 ሬድ ሃት ሴንትኦኤስን ከራሱ ጋር አጣመረ፤ በ2019 ደግሞ አይቢኤም ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛ።

በ2019 የወጣው ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 እንደሚጠገን ተነግሮለት ነበር። ሆኖም በዲሴምበር 2020 ጥገናው በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ታወጀ። አሮጌው ሴንትኦኤስ 7 ግን እስከ ጁን 2024 ተጠገነ። እነሆ፣ ተግተው ወደ አዲሱ የተሻገሩት፣ በአሮጌው ከቆዩት ይልቅ ቀድመው መጠጊያ አጡ! በምትኩ የቀረበው ሴንትኦኤስ ስትሪም ለውጦችን አስቀድሞ የሚቀበል ስለ ሆነ፣ የረጋ ሥርዓት የሚሹትን ብዙዎች አላረካም። ምንጩ ክፍት በመሆኑ ግን አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በ2021 ተነሥተው ክፍተቱን ሞሉ።

ከዚህ ጋር ዴቢያንን እናነጻጽር። ኢያን መርዶክ በ1993 የመሠረተው ይህ ሥራ የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም፤ በ1997ም ለተጠቃሚዎቹ የገባውን ቃል በጽሑፍ አጽንቷል። ለእያንዳንዱ እትም የሚሰጠው ጥገና አምስት ዓመት ያህል ነው፤ ከአሥር ዓመት ያንሳል፤ ነገር ግን አንድ የንግድ ድርጅት ብቻውን ሊያሳጥረው አይችልም።

ስለዚህ የሰርቨር ኀላፊ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ጥገናው እስከ መቼ ነው? ቃሉን የማጠፍ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ቃሉ ቢታጠፍስ መውጫው መንገድ ወዴት ነው? ከመረጠም በኋላ እርማቶቹን በሌላ መሣሪያ ላይ እየፈተነ በጊዜው ይጫን፤ የመዝገቡንም ቅጂ በሌላ ስፍራ ያኑር፤ ከቅጂው መልሶ ማቋቋምንም አስቀድሞ ይለማመድ። አበው «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ሥራ የተገባ ምክር ነው። በነጻ የተገኘ ሥርዓት ዋጋ ባይጠየቅበትም፣ ጠባቂ ግን ዘወትር ይጠይቃል።