ስለ አንዲት የረግረግ ወፍ ታሪክ

በአውስትራልያና በኒውዚላንድ የባሕር ዳርቻ የምትኖረው ትንሿ ፔንጉዊን ቀን ዓሣ ስታጠምድ ውላ ሲመሽ በጕድጓድ ወዳለው ጎጆዋ እንደምትመለስ ብዙ ሰው በመጽሐፍ አንብቧል። ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ ረግረግ ትታይ የነበረችውን ትንሽ ወፍ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህች ወፍ ርዝመቷ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ሊቃውንት «ሳሮትሩራ አይሬሲ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ጉርኒ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው፤ ይኸውም በ1877 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ወፊቱን በደቡብ አፍሪቃ ላገኛት ለቶማስ አይርስ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። በኢትዮጵያ ስለ መኖሯም ጊሻርድ የተባለ ሰው በ1948 ማስታወሻ አሳተመ። ከ1950ዎቹ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ወሬዋ ጠፋ፤ በ1990ዎቹ ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በበርጋ ረግረግ ስትራባ ተገኘች።

የኑሮዋ ሥርዓት የሚያስደንቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የክረምቱ ውኃ በሣሩ ሥር ሲተኛ፥ በሣርና በቄጤማ መካከል ጎጆዋን ትሠራለች። ጠላት ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ በሣሩ ውስጥ ሮጣ መሸሸግን ትመርጣለች፤ ተገዳ ስትነሣ ብቻ የክንፏ ነጭ ላባ ብልጭ ይላል። ስለዚህም በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው ሳያያት ይኖራል።

ይሁን እንጂ እርሷ በምትፈለፍልበት ወራት ከብት ረግረጉን ይረግጠዋል፤ ሣሩም ይታጨዳል፤ በየሥፍራውም ውኃው እየተንጣፈፈ ለእርሻና ለቤት ሥራ ይውላል። በ2013 ወፊቱ ፈጽመው ለመጥፋት ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ገባች። በ2018 በደቡብ አፍሪቃም እንደምትራባ እስኪረጋገጥ ድረስ፥ በዓለም ላይ የመራቢያዋ ሥፍራ መሆኑ የታወቀው አገራችን ብቻ ነበር። በበርጋ ያሉ ነዋሪዎችም ይህን አውቀው ማኅበር በማቋቋም ረግረጉን ለመጠበቅ ተነሥተዋል።

አንባቢ ሆይ! የለገዳዲን ግድብ ውኃ የምንጠጣ የከተማ ሰዎች የውኃን ዋጋ እናውቃለን። ረግረግም የክረምቱን ዝናም ይዞ በዝግታ ወደ ወንዝ የሚለቅ የተፈጥሮ ጎተራ ነው። እንግዲህ ካርታ ዘርግቶ መሬት የሚመራ የመሥሪያ ቤት ሰው፥ በወረቀቱ ላይ «ባዶ ቦታ» ብሎ ከመጻፉ በፊት በነሐሴ ወር ወደ ሥፍራው ወርዶ ይመልከት።