በአንድ ማሊያ የተነሳው ጠብና የፌዝ ቆራጮች መዶሻ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 መጨረሻ የሞሮኮ የባህል ሚኒስቴር በጠበቃው በኩል ለአዲዳስ ማስጠንቀቂያ ላከ። ክሱ ኩባንያው ለአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን ባዘጋጀው ማሊያ ላይ "ዘሊጅ" የተባለውን የሞሮኮ የግድግዳ ሸክላ ንድፍ ወስዷል የሚል ነበር። አዲዳስ ደግሞ ንድፉ የመነጨው በአልጄሪያዋ ትሌምሰን ከሚገኘው የመሽዋር ቤተ መንግሥት እንደሆነ ቀድሞ ገልጾ ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከኦገስት 2021 ጀምሮ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸው ተቋርጧል፤ ነገሩ የጨርቅ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ንድፍን ማንም ወረቀት ላይ ሊገለብጠው ይችላል። ከባዱ መቁረጡ ነው።

ዘሊጅ ሸክላ ላይ የተሳለ ሥዕል አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ ቁራጭ ነው። መጀመሪያ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሸክላዎች አንድ አንድ ቀለም ተቀብተው ይተኮሳሉ። ቅቡ እሳት ውስጥ ቀልጦ ብርጭቆ ይሆናል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ሥሩ ለስላሳ ሸክላ፣ ላዩ ብርጭቆ። በግዴለሽነት ከተመታ ብርጭቆው ከጠርዙ ይሸራረፋል፤ የተሸራረፈ ቁራጭ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም።

የፌዝ ቆራጭ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሸክላውን ቅቡን ወደ ላይ አድርጎ ትንሽ የብረት መስፍ ላይ ይይዛል። በቀለም የተሰመረውን መስመር ተከትሎ "መንቃሽ" በሚባል ጫፉ የተሳለ ከባድ መዶሻ ትንንሽ ምት ያሳርፋል። ሥራውን የሚሠራው የክንዱ ጉልበት ሳይሆን የመዶሻው ክብደት ነው። ቀጥሎ የቁራጩን ጀርባ ወደ ውስጥ አዘቅዝቆ ይጠርባል። ስለዚህ ሁለት ቁራጮች ሲገጥሙ ከፊት ፀጉር አያስገቡም፤ ከኋላ ግን ለማጣበቂያው ቦታ ይተርፋል። ገጣሚው ደግሞ ፊታቸውን ወደ መሬት ደፍቶ ይደረድራቸዋል፤ ቀለሙን ሳያይ! (የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የሚቆርጥ ባለሙያም የብርጭቆውን ጠባይ ያውቀዋል፦ ቅቡን አንዴ ብቻ ጭሮ ይሰብራል፤ ከደገመው ጠርዙ ይበላሻል።)

ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው? በ14ኛው ክፍለ ዘመን የግራናዳው አልሃምብራ፣ የፌዙ ቡ ኢናኒያ መድረሳና የትሌምሰኑ ታሽፊኒያ መድረሳ ሁሉም በዘሊጅ ያጌጡ ነበሩ። የዛሬው ድንበር አልነበረም። የፌዝ ገዢዎች መሪኒዶች በ1337 ትሌምሰንን በጦር ያዙ፤ ግራናዳ በ1492 ስትወድቅም ስደተኞቿ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገሩ። የአልጄሪያ ወገን ባዶ እጁን አይደለም። ታሽፊኒያን ግን ፈረንሳዮች በ1870ዎቹ አፈረሱት።

የሞሮኮ ጠንካራ መከራከሪያ ያለው ከጠበቃው ደብዳቤ ይልቅ በፌዝ ወርክሾፖች ውስጥ ነው። እዚያ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ ደርሷል። በ1993 የተመረቀው የካዛብላንካው ዳግማዊ ሐሰን መስጊድ በሺዎች የሚቆጠሩ የእጅ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ነው፤ ዘሊጁ የእነርሱ ምስክር ነው።

የማሊያው ጠብ በኦክቶበር 2022 በስምምነት ተዘጋ። አዲዳስ ለሞሮኮ ሕዝብና የእጅ ባለሙያዎች አክብሮቱን ገለጸ። የቆራጩ ተቀናቃኝ ግን መጀመሪያም ትሌምሰን አልነበረችም። ሸክላን በውሃ ግፊት የሚቆርጥ ማሽን ዓመታት የፈጀ ተለማማጅነት አያስፈልገውም፤ መንቃሽ ግን ያለዚያ አይያዝም።