ቅሪተ አካልን ከተራ ድንጋይ መለየት

ቅሪተ አካል ከብዙ ዘመን በፊት የኖረ እንስሳ ወይም ዕፅዋት በደለል ተቀብሮ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አካሉ፣ አልያም የተወው አሻራ ነው። ጀማሪ ፈላጊ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ያነሣውን ድንጋይ ሳይሆን የቆመበትን መሬት ነው። አብዛኛውን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት የተፈጠረ በመሆኑ ቅሪተ አካል እምብዛም አይገኝበትም። በአንጻሩ በዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎች አሉ፤ አካባቢው በዳይኖሰሮች ዘመን በባሕር ተሸፍኖ ነበርና። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በምትገኘው ጭልጋም በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ከተከማቸ ደለል 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የጥንት የዝሆን ዘመዶች አጥንቶች ወጥተዋል።

የመልክ መመሳሰል ግን ያታልላል። እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ክብ የሆነ ጥቁር ድንጋይ የራስ ቅል ይመስላል፤ በአለት ስንጥቅ ላይ ማንጋኒዝ የሚሥለው ቅርንጫፍ መሰል ጥቁር ንድፍም የቅጠል አሻራ እየመሰለ ብዙዎችን አሳስቷል። አጥንት የሚታወቀው በስብራቱ ነው፤ ውጭው ጥቅጥቅ ያለ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ባለ ቀዳዳ ይሆናል።

ሲያርስ ወይም የቤት መሠረት ሲቆፍር እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ከቦታው ባያነሣው ይመረጣል። የቅሪቱ ዕድሜ በአብዛኛው የሚታወቀው ከተቀበረበት የአፈር ንብርብር ነው፤ ታጥቦ ቤት የገባ አጥንት ይህን ምስክሩን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ግኝቱን ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ወዲያውኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው።