ከሕንፃ ኮሌጅ እስከ ሰቆጣ፦ ከድርቅ በኋላ ትምህርት ቤት ማን ይሥራ?

በዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ዶርም፣ ስለ ካፌና ስለ መምህራኖቻችን ነው። እኔ ዘንድሮ የግቢያችን ልጆች አገር ለመጠገን ስለወጡባቸው ዓመታት ላውጋችሁ። ሐኪም ነኝ፤ ሲሚንቶ ሙያዬ አይደለም። ግን ዋግ ኽምራን ያየ ሐኪም ትምህርት ቤትና ጤና አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም።

ሁላችንም ሕንፃ ኮሌጅ የምንለው የኢትዮ-ስዊድን ተቋም በ1947 ዓ.ም. አካባቢ ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በስዊድን እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ተጀመረ፤ ወጣት የስዊድን በጎ ፈቃደኞችም በየገጠሩ ሥራውን ይመሩ ነበር። ንድፉ ወጥ፣ ከወጪው ከፊሉ የነዋሪው መዋጮ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች ተሠሩ። ችግሩም እዚያው ነው፤ ማዋጣት የቻለ ይቀድማል። ታዲያ ድርቅ የመታው ገበሬ ምን ያዋጣል?

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ላከው፤ አብዛኛውም አስተማሪ ሆነ። በ1965 የወሎን ረሃብ ለግቢው ያሳዩት የራሳችን መምህራን ነበሩ። በ1967 የእድገት በኅብረት ዘማቾች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠሩ። በ1977 የዋግ ሕዝብ በእግሩ ወደ ኮረም ሲጎርፍ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በጋምቤላና በመተከል ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ተላኩ። ይሄኛው በጎ ፈቃድ ነበር ለማለት ይከብዳል፤ ሰፋሪውም ዘማቹም የት እንደሚሄድ አልመረጠም።

የታሪኩ ትምህርት ለእኔ ይህ ነው፦ ጉልበት አላነሰንም፤ ያነሰን ባለቤቱን መጠየቅ ነው።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል በሰቆጣ ስም ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ግን ዋግን ጦርነትም ድርቅም መታው። ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ራቁ። እንግዲህ መልሶ መሥራት ካለብን፣ ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ አይበቃም። አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የምገባ ማብሰያ ቤት፣ ለሴት ልጆች የተለየ መጸዳጃ ከንድፉ መጀመሪያ ይግቡ። የተራበ ልጅ እኮ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል አይታየውም። ድንጋዩም ከሩቅ አይምጣ፤ በሰቆጣ አቅራቢያ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት የፈለፈለ አገር የድንጋይ ሥራ አይቸግረውም። ምክክሩ ደግሞ በኽምጣኛ ጭምር ይሁን።

ስለዚህ በዘንድሮው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ማኅበራችን አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ሐኪምና አንድ መምህር ያሉበት ቡድን ያቋቁም። ቡድኑ ንድፍ ይዞ ሳይሆን ባዶ ደብተር ይዞ ሰቆጣ ይሂድ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጽሕፈት ቤቱ አስመዝግቡ፤ የእኔ አንደኛው ነው።