የቤዝቦል ካርድ ዜና መዋዕል

ግሮቨር ክሊቭላንድ በዋሽንግተን ተቀምጦ አሜሪካን በሚያስተዳድርበት ዘመን፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ሃያ ዓመት ሲያልፈው፣ የትምባሆ ነጋዴዎች በዝተው እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ጀመር። (ዘመኑን የምንቆጥረው ነገሩ በተፈጸመበት አገር አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የቆጠርን እንደሆነ እናመለክታለን።) በዚያን ጊዜ ሲጋራ የሚሸጠው በስስ ወረቀት ፓኮ ስለነበረ በኪስ ውስጥ ይጨማደድ፣ ሲጋራውም ይሰበር ነበር። ስለዚህ በየፓኮው አንዳንድ ጠንካራ ካርቶን ያኖሩበት ጀመር። ባዶ ከሚሆንስ ሥዕል ይኑረው ብለው የተዋናዮችን፣ የነገሥታትን፣ የአእዋፍን፣ የቤዝቦል ተጫዋቾችንም መልክ አተሙበት። በኒውዮርክ የጉድዊን ኩባንያ ኦልድ ጀጅ በሚባለው ሲጋራው፣ በሪችመንድም አለን እና ጊንተር የተባሉት ነጋዴዎች፣ በ1887 ይህን አደረጉ። ሲጋራው ተጨሶ አለቀ፤ ካርዱ ግን በልጆች እጅ ቀረ። ልጆችም በትምባሆ ሱቅ ደጅ እየቆሙ ከሚወጣው ሰው ሁሉ ካርዱን ይለምኑ ነበር።

በ1890 ጄምስ ዱክ ትልልቆቹን የሲጋራ ድርጅቶች አንድ አድርጎ የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያን መሠረተ። ተፎካካሪ ሲጠፋ ደንበኛ ማባበያ አያስፈልግምና ካርዱም ብዙ ሳይቆይ ቀረ። አዳዲስ ተቀናቃኞች በተነሡ ጊዜ ግን ኩባንያው ነገሩን መልሶ ጀመረው። ይህም በ1909፣ በእኛ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ ነው። እስከ 1911 ድረስ ከ520 የሚበልጡ ዓይነት ካርዶች አወጣ።

በዚያ ዘመን ከተጫዋቾች ሁሉ ስሙ የገነነ ሆነስ ዋግነር ነበረ። የጀርመን ስደተኞች ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ቆፍሯል፤ ለፒትስበርግ ሲጫወትም በሊጉ ኳስ በመምታት ስምንት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ኩባንያው የዋግነርን ፈቃድ እንዲያመጣለት ለአንድ የፒትስበርግ ጋዜጠኛ 10 ዶላር ሊከፍል ቃል ገባ። ዋግነር እንቢ አለ፤ ጋዜጠኛው ገንዘቡ እንዳይቀርበት ብሎም ከእንቢታ ደብዳቤው ጋር የ10 ዶላር ቼክ ላከለት። እንቢ ያለበትን ምክንያት አንዳንዱ ልጆች የእርሱን ካርድ ሲሹ ትምባሆ እንዳይገዙ ብሎ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይከፍሉት በመልኩ ሊነግዱ ስላሰቡ ነው ይላል። ዋግነር ራሱ ትምባሆ ያኝክ ነበረና ሁለተኛውን ወገን የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ከኪሱ አውጥቶ ለሌላው ቼክ የጻፈን ሰው ስለ ገንዘብ ብቻ እንቢ አለ ለማለት አልደፍርም። ያም ሆነ ይህ ጥቂት ካርድ ከወጣ በኋላ ማተሙ ቆመ። በካርዱ ላይ ዋግነር ፀጉሩን መሀል ለመሀል ከፍሎ፣ የቡድኑን ስም በደረቱ ይዞ፣ ከብርቱካንማ መደብ ፊት ይታያል። ዛሬ መኖሩ የሚታወቀው 60 ያህል ብቻ ነው።

ከዚህም በኋላ ካርዱ ከትምባሆ ወደ ማስቲካ ተሻገረ። በ1933፣ አገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲማቅቅ፣ በቦስተን ያለው የጉዲ ኩባንያ 240 ካርዶች ያሉት ስብስብ ከማስቲካ ጋር አወጣ። ልጆች ቁጥሩን ሊያሟሉ ሳንቲማቸውን እያጠራቀሙ ገዙ፤ ቁጥር 106 ግን ከየትም አልተገኘም። ለካስ ኩባንያው ያን ካርድ ጨርሶ አላተመውም ነበር፤ ልጆች ሲፈልጉ መግዛታቸውን እንዳያቆሙ ብሎ ያደረገው ነው። የተቆጡት ደብዳቤ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው የናፖሊዮን ላጆይን መልክ በቁጥር 106 አትሞ፣ ለጻፉት ብቻ በወረቀት መያዣ ሽቦ እያያዘ በፖስታ ላከላቸው። ከእነዚያ ካርዶች በአንዳንዶቹ ላይ ያ ሽቦ የተጫነበት ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። በልጅ ጉጉት ላይ እንዲህ መነገድ ክፉ ሥራ ነው፤ በኋላ ለሆነውም ነገር መንገዱን የጠረገ ይህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ወረቀትም ማስቲካም ጠፋ፤ በየከተማው ለጦሩ ወረቀት ሲሰበሰብ እጅግ ብዙ የቆየ ካርድ አብሮ ተፈጨ።

አሁን የጄፈርሰን ቡርዲክን ነገር እንጽፋለን፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነውና። ቡርዲክ በ1900 ተወለደ፤ በኒውዮርክ ግዛት በሲራክዩዝ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ ሚስት አላገባም፤ ቤዝቦል ለማየት ስታዲየም ገባ ተብሎም አልተወራለትም። ሀብት አልነበረውም፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ጣቶቹን አጣምሞበት ነበር። ሰው ሁሉ የሚጥለውን የታተመ ወረቀት፣ የሲጋራ ካርድ፣ የከረሜላ ካርድ፣ ፖስት ካርድ፣ የንግድ ማስታወቂያ ሳይቀር ሰበሰበ። ከእርሱ በፊት ሰብሳቢዎች ስለ አንድ ካርድ ሲጻጻፉ የትኛውን እንደሚሉ መግባባት ይቸግራቸው ነበር። እርሱ በካታሎጉ ሁሉንም በየወገኑ ለየና ምልክት ሰጠው፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትምባሆ ኤን፣ የ20ኛው ቲ፣ የቀድሞው ከረሜላ ኢ፣ የኋለኛው ማስቲካ አር። የዋግነርን ካርድ የያዘውን ስብስብ ዓለም ሁሉ ዛሬ ቲ206 ብሎ የሚጠራው በእርሱ አጠራር ነው። በዚያ ካታሎግ የዋግነር ዋጋ 50 ዶላር ተብሎ ነበር፤ ለካርቶን ይህ በዚያ ጊዜ እጅግ ብዙ ነው።

በ1947 ቡርዲክ የሰበሰበውን ሁሉ በኒውዮርክ ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም በነጻ ለመስጠት ጠየቀ። የኅትመት ሥራዎች ክፍል ኃላፊው ሃያት ሜየር ተቀበለው፤ ነገር ግን ቡርዲክ ራሱ በየአልበሙ እንዲለጥፈው ተስማሙ። የስብስቡ ብዛት ከ300,000 በላይ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ከ30,000 በላዩ የቤዝቦል ነው። መጀመሪያ ከሲራክዩዝ እየተመላለሰ፣ በኋላም ሥራውን ትቶ በሙዚየሙ አቅራቢያ ቤት ተከራይቶ፣ በሙዚየሙ ክፍል ባለች ጠረጴዛ ላይ ካርዱን አንድ በአንድ ሲለጥፍ ዓመታት አሳለፈ። ሕመሙ እየጸና ሲሄድ ካፖርቱን አውልቆ መልበስ እንኳ ጭንቅ ሆነበት። ጥር 2 ቀን 1955 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ወደ ማታ ሥራውን ፈጽሞ ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ለሙዚየሙም ሰዎች ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሮ ወጣ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አረፈ። ከለጠፋቸው መካከል አንድ ዋግነር አለ፤ ያም እስከ ዛሬ በሙዚየሙ ነው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ሃሪ ትሩማን በሥልጣን ሳለ፣ ለ1952፣ በብሩክሊን ያለው የቶፕስ ማስቲካ ኩባንያ ሠራተኛ ሳይ በርገር ከባልደረባው ከዉዲ ጌልማን ጋር በቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አዲስ ካርድ አሰናዳ። ከቀደሙት ተለቅ ያለ፣ ቀለም ያለው፣ ከፊቱ የተጫዋቹ ፊርማና የቡድኑ ምልክት፣ ከኋላው የዓመታት ውጤቱ የተጻፈበት ነበረ። ስብስቡ 407 ነው። ልጆች ይህን ካርድ እንደ ገንዘብም እንደ መጫወቻም ይዘውት ነበር። ግድግዳ ሥር እየወረወሩ የቀረበለት የሌላውን ይበላል፤ የኛ አገር ልጆች በቆርኪ እንደሚጫወቱት ማለት ነው። በብስክሌት ጎማ ሽቦ መካከል ሰክተው ያስጮኹታል፤ በላስቲክ አስረው በጫማ ካርቶን ያኖሩታል። ልውውጡ ደግሞ እንዲህ ነበር፦ አንዱ የሌላውን ክምር ተቀብሎ በአውራ ጣቱ እየገፋ «አለኝ፣ አለኝ፣ አለኝ» ይላል፤ «የለኝም» ባለ ጊዜ እጁ ይቆማል፣ ድርድሩም ይጀመራል። ለአንድ የኒውዮርክ ኮከብ ሦስት የቺካጎ ተጫዋች የሚሰጥ አለ፤ አጎቱ የሚደግፈው ቡድን ነው ብሎ ማንም የማያውቀውን ተጫዋች በውድ የሚገዛም አለ። ዋጋውን የሚቆርጡት ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከዚህ ዜና መዋዕል ውስጥ እኔ የምወደው ዘመን ይህ ነው።

በዚያው በ1952 የመጨረሻው ዙር ካርድ፣ ከ311 እስከ 407 ያለው፣ ዘግይቶ ወጣ። ልጆች አሳባቸውን ወደ አሜሪካ ፉትቦል አዙረው ነበርና ባለ ሱቆች አንቀበልም አሉ። ካርዱ በመጋዘን ተከማችቶ ዓመታት ቆየ። በርገር እንደተናገረው ለመዝናኛ ሥፍራ ነጋዴዎች እጅግ በረከሰ ዋጋ ሊሸጠው ሞከረ፤ የሚወስደው አላገኘም። በ1960 በሦስት የቆሻሻ መኪና አስጭኖ፣ በጀልባም አስጎትቶ፣ ከኒው ጀርሲ ጠረፍ ርቆ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣለው። የዚያ ዙር የመጀመሪያው ካርድ፣ ቁጥር 311፣ የወጣቱ ሚኪ ማንትል ነበረ።

እናቶች ጓዳ ሲያጸዱ የጣሉት፣ ጦርነቱ የፈጨው፣ ባሕሩም የዋጠው ካርድ፣ የተረፈውን ጥቂት ውድ አደረገው። በማስቲካና በላስቲክ ያደጉት ልጆች በጎለመሱ ጊዜ የልጅነታቸውን ካርድ በገንዘብ ይፈልጉ ጀመር። በ1984 የስታቲስቲክስ መምህር የነበረው ጄምስ ቤኬት በየወሩ የሚወጣ የዋጋ መጽሔት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ የ«አለኝ፣ የለኝም» ድርድር በመጽሔት ዋጋ ተተካ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ካርዱን ከመስጠቱ በፊት ገጹን ይገልጥ ጀመር።

አስቀድሞ በ1980 ፍርድ ቤት የቶፕስን ብቸኝነት አፍርሶ ነበርና በሚቀጥለው ዓመት ፍሊርና ዶንረስ ገቡ፤ በ1988 ስኮር፣ በ1989 አፐር ዴክ ተከተሉ። አፐር ዴክ በሚያብረቀርቅ ፓኬትና አስመስሎ ማተምን በሚከለክል ሆሎግራም መጣ፤ ቁጥር 1 አድርጎም ገና ትልቁን ሊግ ያልረገጠውን ኬን ግሪፊ ጁንየርን አወጣ። አባቶች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ክፍያ ይሆናል እያሉ ያልተከፈተ ካርቶን ሙሉ ገዝተው ምድር ቤት አኖሩ። ኩባንያዎቹ ስንት እንደሚያትሙ አይናገሩም ነበር፤ የሚያትሙት ግን ለቁጥር ያዳግታል። ቶፕስ ማስቲካው ካርዱን ያቆሽሻል የሚል ክስ ስለበዛበት 1991 የመጨረሻ አድርጎ ማስቲካውን ከፓኬቱ አወጣ። ለልጅ የተጨመረው ጣፋጭ ለነጋዴው እንቅፋት ሆነ ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ አዝናለሁ።

የአንድ ዘመን ካርድ ውድ የሆነው ማንም ሊያስቀምጠው ስላላሰበ ነበር። ሁሉም ሳይከፍት ያስቀመጠው ካርድ ከቶ ሊጠፋ አልቻለም፤ ስላልጠፋም አልተወደደም። ነሐሴ 6 ቀን 1986 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ተጫዋቾች ሥራ አቆሙ፤ «ወርልድ ሲሪስ» የሚባለው የዓመቱ የቤዝቦል ፍጻሜ ውድድርም ተሰረዘ። የቀዘቀዘው ገበያ ያን ጊዜ ወደቀ። በየከተማው የነበሩት የካርድ ሱቆች በሺህ ተዘጉ። እስከ ዛሬ የ1988 ወይም የ1990 ካርድ በሣጥን ተሞልቶ ወደ ሱቅ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከገዛበት ያነሰ ዋጋ ነው።

የጥንቱ ካርድ ግን ወደ ላይ ወጣ። በ1991 የሆኪው ጌታ ዌይን ግሬትስኪ ከሽርካው ጋር አንድ ዋግነር በጨረታ በ451,000 ዶላር ገዛ። ይህ ካርድ የካርዶች ደረጃ መስጫ ድርጅት ፒኤስኤ የመጀመሪያ ቁጥር አድርጎ ከአሥር ስምንት የሰጠው ነው፤ ጠርዙም ከሌሎቹ ሁሉ ስለታም ነበረ። በ2013 ካርዱን ቀድሞ የሸጠው ቢል ማስትሮ ጠርዙን ራሱ በመቁረጫ እንዳስተካከለው በፍርድ ቤት አመነ። እንዲህም ሆኖ ገዢ አላጣም። በ2022 ሌላ ዋግነር 7.25 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ በዚያው በነሐሴ ወር የማንትል ቁጥር 311 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ካርዶቹን ወደ ባሕር ያስጣለው በርገር በ2014 በ91 ዓመቱ አርፎ ነበርና ይህን አልሰማም።

በዚያው በ2022 መጀመሪያ ፋናቲክስ የተባለው የስፖርት ዕቃ ነጋዴ ቶፕስን ገዛው፤ የሊጉን ካርድ የማተም መብትም በእርሱ እጅ ነው።