ሐኪሙ በመድኃኒቱ ሲማረክ

እ.ኤ.አ. በ1884 የጸደይ ወራት በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ሜርክ ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ ጥቂት ኮኬይን አስመጣ። ኋላ በንግግር ሕክምና ስሙ የገነነው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ገና 28 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እጮኛውን የሚያገባበት ገንዘብ አጥሮታል፣ ስሙን የሚያስጠራ ግኝትም ይፈልጋል። ኮኬይኑን ራሱ ላይ ሞከረው። ድካሙ ለቀቀው፣ መንፈሱ ተነቃቃ። ለእጮኛውም ላከላት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስለ ኮካ ያሳተመው ጽሑፍ ውዳሴ የበዛበት ነበር። ለዕፁ ከቆጠረለት ጥቅም አንዱ የሞርፊን ሱስን ማስለቀቁ ነው።

ይህን ሲል በዐይነ ልቦናው የነበረው አንድ ሰው ነው። ኤርንስት ፎን ፍላይሽል-ማርክሶቭ በቪየና የታወቀ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ፣ የፍሮይድም ወዳጅ ነበር። በወጣትነቱ አስከሬን ሲመረምር አውራ ጣቱ ተመርዞ ተቆረጠ፤ በተቆረጠው ጫፍ ላይ የነርቭ እባጭ እየወጣ ደጋግሞ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። ሕመሙ አላስቀምጥ ሲለው ሞርፊን ጀመረ፣ ሞርፊኑም ያዘው። ፍሮይድ ኮኬይኑን ሰጠው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሳካ ይመስሉ ነበር። በዓመቱ ግን ፍላይሽል በቀን አንድ ግራም ያህል ኮኬይን የሚወስድ ሰው ሆኖ፣ ሌሊት ሌሊት ነጫጭ እባቦች በቆዳው ላይ ሲርመሰመሱ ይታየው ነበር። ፍሮይድ አጠገቡ እያደረ አስታመመው። ሞርፊኑም አልለቀቀውም፤ ሁለቱን ሱሶች እንደተሸከመ በ1891 በ45 ዓመቱ ሞተ።

በንግግር ሕክምና ለምንሠራ ሰዎች ይህ ታሪክ የቤታችን ታሪክ ነው። ፍሮይድ ጓደኛውን ከልቡ ይወደው ነበር፣ ሊያድነውም ፈልጎ ነበር። የጎዳው መቸኮሉ ነው። ውጤቱን በቂ ጊዜ ሳይከታተል አወደሰ፤ አልብሬሽት ኤርለንማየር የተባለው ሐኪም ኮኬይን ከአልኮልና ከሞርፊን ቀጥሎ ሦስተኛው መቅሰፍት ነው ብሎ ሲያስጠነቅቅም በ1887 በሰጠው መልስ ጥፋቱን ወደ መርፌው አዞረ። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በመርፌ መስጠቱን ያለ ስጋት ያበረታታ የነበረው ራሱ ነው። በራሱ መድኃኒት የተማረከ ሐኪም በሽተኛው ሲብስበት ማየት ይከብደዋል። ያንን ዐይን የሚጋርድ ፍቅር ከዕፁ ይልቅ እፈራዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያው ስህተት በሌላ ስም ተደገመ። የባየር ኩባንያ በ1898 ሄሮይንን የሳል መድኃኒት አድርጎ ገበያ ላይ አወጣው፤ ሞርፊን የያዛቸውንም ሰዎች በእሱ ማላቀቅ ይቻላል ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በ1996፣ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለሐኪሞች ሲያስተዋውቅ ሱስ የማስያዝ አደጋው ትንሽ ነው ብሎ ነበር። በ2007 ኩባንያው በዚህ ማሳሳት ጥፋተኛነቱን በፍርድ ቤት አመነ። እስከዚያ የሞተው ሰው ግን አይመለስም።

ታዲያ ሱስ የሚያስይዘው ዕፁ ብቻ ነው? በ1971 የአሜሪካ መንግሥት ቬትናም የዘመቱ ወታደሮቹ ሄሮይን እንደለመዱ ሲያውቅ ደነገጠ፤ ወታደሩ ሽንቱን ሳያስመረምር ወደ አገሩ እንዳይሳፈር ታዘዘ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ተመላሾቹን ተከታተሉ። 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ሳሉ ሱስ ይዟቸው እንደነበር ተናግረዋል። ከነዚህ መካከል ግን አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ዳግም የተያዙት 5 በመቶ፣ በሦስት ዓመት ውስጥም 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሄሮይኑ ያው ሄሮይን ነው፤ የተለወጠው ጦር ሜዳው፣ ፍርሃቱና በዙሪያ ያለው ሰው ነው። በርግጥ ሁሉም በሱስ የተያዘ ሰው ተሳፍሮ የሚመለስበት ሰላማዊ ቤት የለውም። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ጦር ሜዳቸው ያለው እዚያው የሚያድሩበት ቤት ውስጥ ነው።

ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው በካናዳዋ ሳስካቸዋን የሆነው ነው። በ1951 ሐምፍሪ ኦዝመንድ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም የዌይበርን ሆስፒታልን ተቀላቀለ፤ ከኤብራም ሆፈር ጋር ሆኖም ኤልኤስዲ የተባለውን ቅዠት አምጪ ዕፅ በመጠጥ ሱስ የተያዙ ሰዎች ላይ መሞከር ጀመረ። መነሻ ሐሳባቸው እንግዳ ነበር። አንዳንድ ጠጪ መጠጥ ሲያቋርጥ በሚመጣበት ከባድ ቅዠት ደንግጦ እስከ ወዲያኛው ይተዋል፤ ያንን ድንጋጤ ያለ ሞት አደጋ በኤልኤስዲ ማምጣት ቢቻልስ አሉ። ታካሚዎቹ ግን የተናገሩት ስለ ድንጋጤ ሳይሆን ራሳቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ያበላሹትን ኑሮ እንደ አዲስ ስለ ማየታቸው ነበር። ሐኪሞቹም ሐሳባቸውን ለወጡ። ክፍሉ ምቹ ሆነ፣ ሙዚቃ ገባ፣ ቀኑን ሙሉ ከታካሚው የማይለይ ሰው ተመደበ። ከታካሚዎቻቸው ግማሽ ያህሉ መጠጥ መተዋቸውን ዘገቡ።

ቶሮንቶ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን አላመኑም፤ አለማመናቸውም ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱም ሳስካቸዋኖቹ የሚያነጻጽሩበት በቂ ሌላ ቡድን አልነበራቸውም። ስለዚህ ከዕፁ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወገዱ። ታካሚዎቹ ታስረው ወይም ዐይናቸው ተሸፍኖ፣ ሐኪሙም ብዙ ሳያጽናናቸው ኤልኤስዲ ተሰጣቸው። የተለየ ጥቅም አልታየም። ያው ሞለኪውል ነው፣ በሁለት ክፍሎች ሁለት ውጤት ሰጠ። በ2012 የዚያን ዘመን ስድስት ሙከራዎች፣ በድምሩ 536 ሰዎች፣ አንድ ላይ ሲመረመሩ ኤልኤስዲ ከወሰዱት 59 በመቶ፣ ካልወሰዱት 38 በመቶ መሻሻል አሳይተው ነበር። ልዩነቱ ግን ዓመት ሳይሞላ ደበዘዘ። ከዚያ አንድ ቀን በኋላ ታካሚውን የተከታተለው ማን ነበር? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው።

በዚያው ዘመን በኬንታኪ፣ ሌክሲንግተን፣ በሱስ የተያዙ እስረኞች በሚታከሙበት ማዕከል ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። አብዛኞቹ ጥቁሮች በነበሩ እስረኞች ላይ ኤልኤስዲ ይሞከራል፤ ጥቂቶቹ 77 ቀን በተከታታይ ተሰጣቸው። ለመሳተፋቸው ከሚሰጣቸው ሽልማት አንዱ ደግሞ ሊላቀቁት የገቡበት ዕፅ ራሱ ነበር። ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል ተባለ። ሐራራ የያዘው ሰው በዕፅ ተደልሎ የሚሰጠው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። የመስኩን ታሪክ ሳነብ ይህን ገጽ ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

ዛሬ በእንዲህ ያለ ዕፅ የማከም ተስፋ ተመልሷል። በ2022 በወጣ ጥናት 93 ጠጪዎች በንግግር ሕክምና ክፍለ ጊዜዎች መካከል በሁለት ቀን ከእንጉዳይ የሚገኘውን ሳይሎሳይቢን ወይም ሌላ ማነጻጸሪያ መድኃኒት ወሰዱ፤ ሳይሎሳይቢን የወሰዱት አብዝተው የጠጡባቸው ቀናት 9.7 በመቶ፣ የሌሎቹ 23.6 በመቶ ሆነ። ደስ ይላል። ግን በዜናው ላይ እንጉዳዩ ብቻ ይጎላል፤ በፊትና በኋላ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሰው ይረሳል። በ2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤምዲኤምኤ የተባለው ዕፅ ለድኅረ አደጋ ጭንቀት እንዲውል የቀረበውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ። ከዚያ ቀደም ካናዳ ውስጥ በተደረገ አንድ የዚሁ ዕፅ ሙከራ ቴራፒስቶች ታካሚያቸው ላይ የፈጸሙት የድንበር ጥሰት በይፋ ታውቋል። በእንዲህ ያለ ዕፅ ሥር ያለ ሰው ለማንም ልቡን ይከፍታል፤ ሕግና ቁጥጥር በክፍሉ ውስጥ መኖር ያለባቸውም ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ መንገዱ ሌላ ነው፣ መርሑ ግን ያው። ጫት ቅሞ ምርቃናው አላስተኛ ያለው ሰው ለጨብሲ ወደ ቢራና አረቄ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲደክመው እንደገና ጫት ይፈልጋል። ፍላይሽልም እንዲሁ በአንዱ ሌላውን ሊያክም ሞክሮ ነበር። ቤተሰብ ሲመረው ልጁን ክፍል ዘግቶ "ዛሬ አቁም" ይለዋል። ለጫት ይህ ከባድ ድብርትና ድካም ያመጣል። ለመጠጥ ግን ሊገድል ይችላል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣበታል። የእንቅልፍ ክኒን የለመደም እንዲሁ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ እኔ አልከለክልም፤ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠው፣ ሌሊቱን አጠገቡ የሚያድር ሰው ይኑረው። የሚቀጥለው ቀጠሮም ከሐኪሙ ዘንድ ከመውጣቱ በፊት ይያዝ።